የሐምሌ እንግዶች

ሐምሌ ሲገባ ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ጨለለቅቱ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ዓይነት ሚኒባስ ይበዛል። በኮንትራት የተያዘ ነው። ጣሪያው ላይ ሻንጣ ተከምሯል፣ መስኮቱ ላይ የልጅ አፍንጫ ተለጥፏል፣ ጋቢና የተቀመጠው አባት ደግሞ በየጥምዝምዙ እጁን እየዘረጋ ያስረዳል። «ያውላችሁ እንሰት! ያውላችሁ ቡና! እዚያች ድልድይ ላይ ነው ወድቄ ጥርሴን ያጣሁት!» ከኋላ የሚመጣው መልስ አንድ ነው፤ «አያቴ ቤት ዋይፋይ አለ?»

ጨለለቅቱ የምትገኝበት የኮቸሬ ወረዳ ልጅ አውሮፓ ገብቶ፣ አግብቶና ወልዶ ቤተሰቡን ሊያሳይ ሲመጣ ነው ይህ የሚሆነው። ከስቶክሆልም ይመጣሉ፣ ከፍራንክፈርት ይመጣሉ፣ ከሮምም ይመጣሉ። እኔ እነዚህን ሰዎች እወዳቸዋለሁ፤ ስለምወዳቸውም ዝም ብዬ አላሳልፋቸውም።

አውሮፓ ሳሉ ዓመቱን ሙሉ ልጁን ሐበሻ ለማድረግ ደፋ ቀና ይላሉ። ጨለለቅቱ ሲደርሱ ደግሞ ሰንበቻውን ሙሉ ልጁን ከሐበሻ ነገር ለመጠበቅ ደፋ ቀና ይላሉ። እዚህ ያለው ዘመድም የዋዛ አይደለም። እሱ በበኩሉ አውሮፓን ጨለለቅቱ ላይ ሊያቋቁምላቸው ይፍጨረጨራል። እንግዲህ አንዱ የሌላውን ለመምሰል ሲሮጥ መንገድ ላይ ሳይገናኙ ይተላለፋሉ።

ስዊድን የሚኖረውን ቤተሰብ ብንወስድ፣ በዚያ አገር ቤቱ ውስጥ ሌላ ቋንቋ ለሚናገር ልጅ ትምህርት ቤቱ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ያዘጋጃል፤ ቢያንስ አምስት ተማሪና የሚያስተምር ሰው ይገኝ እንጂ። አባት የጨለለቅቱ ጌዴኦ፣ እናት የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ቤት ውስጥ የሚግባቡት በአማርኛ ነው። ስቶክሆልም ላይ የጌዴኦን ቋንቋ፣ ጌዴኡፋን፣ የሚማሩ አምስት ልጆች ከየት ይምጡ? ስለዚህ ቅጹ ላይ አማርኛ ይሞላል። ቅዳሜ ደግሞ ኮሙኒቲው በተከራየው አዳራሽ ፊደል ይቆጠራል። ልጁ ከእንቅልፉ በግድ ተቀስቅሶ፣ ቁርሱን ባቡር ላይ በልቶ፣ «ሀ ሁ ሂ» ይላል። እናት ትቀርጻለች። ቪዲዮው በኢሞ ጨለለቅቱ ይደርሳል። አያት አይተው ይስማሉ፤ ምን እንዳለ ግን አልገባቸውም፤ እሳቸው የሚያውቁት ጌዴኡፋ ነውና።

እዚህ ጨለለቅቱ ያለው የአጎቱ ልጅ በበኩሉ ትምህርት የጀመረው በጌዴኡፋ ነው። ጌዴኡፋ ደግሞ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ የስቶክሆልሙ ልጅ በግዕዝ ፊደል ሲሰቃይ፣ የጨለለቅቱው ልጅ «ኤ ቢ» ብሎ ጀምሯል።

ሁለቱ ሲገናኙ የሆነውን ላውጋችሁ። በረንዳ ላይ ዝናብ አስቀምጦናል። የጨለለቅቱው ልጅ ደብተሩን አወጣ። የስቶክሆልሙ ተቀብሎ ሳይደናቀፍ ማንበብ ጀመረ። አንዳንዱን ድምፅ በስዊድንኛ አፍ ቢያጣምመውም አነበበው። ከሚያነበው አንድ ቃል አያውቅም። አያት ደግሞ ማንበብ አይችሉም እንጂ እያንዳንዱ ቃል ገብቷቸዋል፤ ስለ ላምና ስለ ዝናብ ነበር። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «የልጄ ልጅ ቋንቋችንን ያውቃል!» ብለው ጎረቤት ጠሩ። አባትየው ሊያስረዳ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ባለቤቱ አማርኛ ላይ ስላወጡት የባቡር ገንዘብ እያሰበች ይመስለኛል፣ ወደ ግድግዳው ዞራለች።

ወደ ምግቡ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። እንግዶቹ ሊመጡ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው አያት ቤት ስብሰባ ይደረጋል። የአውሮፓ ልጅ ምን ይበላል? ዲላ ድረስ ሰው ይላካል። ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ማርማላታ፣ የታሸገ ውሃ በደርዘን ይጫናል። ቆጮው ሽታው እንዳያስቸግር ተብሎ ወደ ጓዳ ይገባል። አባትየው ስምንት ዓመት ሙሉ ከሐበሻ ሱቅ በረዶ የሆነ ቆጮ እየገዛ፣ በማይክሮዌቭ እያቀለጠ፣ «ይሄ ደግሞ ቆጮ ነው?» እያለ የኖረ ሰው ነው። ማዕድ ሲቀርብ ፊቱ የቀረበለት መኮሮኒ ነው።

«እማ፣ ቆጮ የለም እንዴ?»

«ሞልቶ! ለአንተ ልጆች ብለን ነው እንጂ።»

ልጆቹ መኮሮኒ የሰለቻቸው ናቸው፤ በትምህርት ቤታቸው የምሳ አዳራሽ የሚጠብቃቸውም እሱው ነው። እንደ ጨዋ ልጅ ሁለት ጉርሻ ይነካኩና ይጠፋሉ። በኋላ የሚገኙት ጓዳ ውስጥ፣ ከአጎታቸው ልጆች ጋር ተደርድረው፣ ትኩስ ቆጮ በጎመን ሲያጣጥሙ ነው። እናት ደርሳ ትጮኻለች፤ «ሆዳቸውን! ሆዳቸውን!» ሳኒታይዘር ይወጣል፣ ሶፍት ይወጣል። ይህቺው እናት ስዊድን ውስጥ ለልጆቿ አንጀት ይስማማል ተብሎ የተነገራትን ባክቴሪያ የገባበት እርጎ በውድ ዋጋ የምትገዛ ናት። ቆጮ ደግሞ ምንድን ነው? እንሰቱ ተፍቆ፣ በገዛ ቅጠሉ ተጠቅልሎ፣ ጉድጓድ ውስጥ ወራት የከረመና የቦካ ምግብ። ባክቴሪያውን ጌዴኦ ጉድጓድ ውስጥ ሲያረባው እርጎው ፋብሪካ ገና አልተሠራም። ለማንኛውም ሌሊቱን ሆዱ የታመመው ከልጆቹ አንዱ አይደለም። አባትየው ነው፤ በየዘመዱ ቤት ክትፎ እምቢ ማለት ያልቻለው።

የስጦታው ነገር ግን ከሁሉም በላይ ነው። ቅንጡ የሆኑ የስቶክሆልም ቡና ቤቶች የሚሸጡት 250 ግራም ከረጢት አለ። ላዩ ላይ «ኢትዮጵያ፣ ይርጋ ጨፌ፣ ኮቸሬ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ጃስሚን፣ ሎሚ፣ ቤርጋሞት» ተብሎ ተጽፏል። ልጃችን ይህን ባየ ጊዜ ልቡ ተነክቷል። ይፈረድበታል? ኢትዮጵያ የይርጋ ጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስም በንግድ ምልክትነት ለማስከበር እንደ ስታርባክስ ካለ ኩባንያ ጋር ተከራክራ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው የተስማማችው። የወረዳው ስም ስቶክሆልም መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሲያይ ኩራት ይሰማዋል። እዚህ ድረስ ከእሱ ጋር ነኝ። ሁለት ከረጢት ገዝቶ ለእናቱ ወደ ኮቸሬ ማምጣቱን ግን ምን እንበለው?

አያት ከረጢቱን አገላብጠው አዩት።

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»

«ከስቶክሆልም።»

«እዚያም ቡና ይበቅላል?»

«አይ እማ፣ የኛው ነው። ይኸው፣ ኮቸሬ ይላል።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያም በቅን ልቦና ጠየቁ፤ «ታዲያ ለምን መለሱት? አልወደዱትም?»

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከረጢቱ ሲከፈት ፍሬው ፈካ ያለ ቡናማ ነው፤ ስካንዲኔቪያ ያሉ ቆዪዎች ጣዕሙ እንዳይጠፋ ብለው ቶሎ ነው የሚያወጡት። አያት አንዱን ፍሬ በጥርሳቸው ሰበሩት። «አልተቆላም» አሉ። ምጣድ ተጣደ። ጃስሚኑም፣ ሎሚውም፣ ቤርጋሞቱም ጨለለቅቱ ላይ በጭስ ወጡ። እኔም ሁለት ሲኒ ጠጣሁ፤ ጥሩ ቡና ነበር።

ስለ ቁጣም ትንሽ ልበል። ስዊድን ልጅን መምታት በሕግ የከለከለች የመጀመሪያዋ አገር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ማለት ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2000 ተከትላለች። ወገኖቻችን ሕጉን ያከብራሉ፤ «ሶሻል» የሚባለውን መሥሪያ ቤት ደግሞ ከሕጉም በላይ ያከብራሉ። እዚያ እያለ አባት ልጁን የሚያናግረው በልምምጥ ነው፤ «እባክህ የኔ ጌታ፣ ጫማህን ብታደርግ ምን ይመስልሃል?» ቦሌ ሲያርፍ ድምፁ ይወፍራል። ሞጆን ሲያልፍ ጭራሽ የአባቱ ድምፅ ይወጣዋል። ጨለለቅቱ ሲደርስ፣ ልጁ ጭቃ ውስጥ ሲዘል አይቶ፣ ከቡናው ሥር አርጩሜ ለመቁረጥ ጎንበስ አለ። «እዚህ ሶሻል የለም!» ሲልም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ተሳስቷል። ሶሻሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። እሱን በልጅነቱ በዚያው ዛፍ አርጩሜ ያሳደጉት እናቱ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ «ንካውና ታየኛለህ! ልጅ ይመታል እንዴ?» አሉ። ሰውዬው አርጩሜውን ይዞ ቆመ። ስዊድን ልታሳምነው ያልቻለችውን እናቱ በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሱት። ቅር ያለው ግን ይመስላል፤ ለእሱ ጊዜ ይህ ሕግ የት ነበር?

ይህ ሁሉ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሮም ውስጥ የጣሊያን አሮጊቶችን የሚጦሩ፣ ቤት የሚያጸዱ ፊሊፒኖዎች ከኛ እህቶች ጋር አንድ አውቶቡስ ይጠብቃሉ። እነሱም ልጆቻቸውን ያዩትን ታላቅ ሰው ሁሉ አክስትና አጎት በሉ ብለው ያሳድጋሉ፤ የሽማግሌ እጅ ስመን ጉልበት እንደምንነካው እነሱ እጁን ወስደው ግንባራቸው ላይ ያስነካሉ። ወደ አገራቸው የሚልኩት ትልቅ ካርቶን አለ፤ ሳሙናው፣ ቸኮላቱ፣ የታሸገ ሥጋው ወራት ሙሉ እየተጠራቀመ ይሞላል። ማኒላ ሱቅ ውስጥ የማይገኝ ነገር አለመኖሩ ካርቶኑን አላስቆመውም። እኛ ካርቶን የለንም፤ በአንድ ሰው ሁለት ሻንጣ፣ በየሻንጣው 23 ኪሎ አለን። ወደዚህ ሲመጣ ቸኮላትና ያገለገለ ስልክ፣ ሲመለስ በርበሬና ሽሮ። ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት ክልክል መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ቅቤው የሚገኘው በልጁ የትምህርት ቤት ቦርሳ ውስጥ፣ በካልሲ ተጠቅልሎ ነው። ከዚያ ልጁን «መዋሸት ነውር ነው» ይሉታል።

የፎቶውን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ይቆጨኛል። አባት ለልጆቹ ቀይ የቡና ፍሬ እንለቅማለን ብሎ ዓመቱን ሙሉ ቃል ገብቷል። በሐምሌ ፍሬው አረንጓዴ ነው፤ ጌዴኦ ቡናውን የሚለቅመው ከጥቅምት ወዲያ ነው። ይህን የቡና ገበሬ ልጅ አጥቶት አይደለም፤ አውሮፓ ትምህርት ቤቱ በሐምሌ ዝግ ስለሆነ ቡናውም አብሮ የሚዘጋ መስሎት ነው መሰል። ሆኖም ፎቶ አይቀርም። ነጭ ስኒከር ያደረገች የአምስት ዓመት ልጅ ባዶ ቅርጫት ይዛ አረንጓዴ ፍሬ ሥር ቆመች። ስኒከሩ እስከ ቁርጭምጭሚት ቀይ አፈር ለብሷል። «ሳቂ!» ትባላለች። «ለምን ባዶ ሆነ?» ትላለች። ትክክለኛ ጥያቄ የጠየቀች እሷ ብቻ ነበረች፤ መልስ አላገኘችም።

የጌዴኦ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከሥሩ ቡናው፣ ከቡናው ጋር እንሰቱ፣ ቁልቁለቱን ይዞ እንዲሁ ይወርዳል። ይህን ብሎ ከሩቅ አገር ባርኔጣ አድርጎ የሚመጣ ሰው አለ። የኛ እንግዶች ግን በሦስተኛው ቀን «ልጆቹ ደበራቸው» ይሉና ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሆቴል ይይዛሉ። ልጆቹ አልደበራቸውም። ሚኒባሱ ሲነሳ አንዱ እንሰት ውስጥ ተደብቆ ሲፈለግ ነበር። የደበራቸው ወላጆቹ ናቸው፤ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ዘመዱም ገንዘብ መጠየቅ ጀምሯል።

ስለዚህ ውድ የአውሮፓ ወገኖቼ፣ ሐምሌን ተዉልን። የፈረንጆች ገና ዕረፍት ላይ ኑ፤ ትኬቱ እንደሚወደድ አውቃለሁ፣ ግን ያኔ ቀይ ፍሬም አይጠፋም፣ የኛው ገናም ታኅሣሥ 29 ይከተላል፣ ትንሽ ከቆያችሁ ደግሞ ጥር ላይ የጌዴኦ በዓል ደራሮ አለ። ለልጁ ከአማርኛው ጎን ሃምሳ የጌዴኡፋ ቃል አስተምሩት፤ አባቱ ቤት ውስጥ አለ፣ የባቡር ገንዘብ አይጠይቅም። እናንተም የጨለለቅቱ ዘመዶች፣ መኮሮኒውን ተዉት፣ ቆጮውን ከጓዳ አውጡት። ቡና ግን እባካችሁ ከስቶክሆልም አታምጡልን።