ያለ ጉዳይ መሄድ

አሜሪካ ከገባሁ ወዲህ ከለመድኳቸው አመሎች አንዱ ያለ ጉዳይ በእግር መሄድ ነው። ከአገር ቤት ሊጠይቁኝ ለመጡት አክስቴ ግን ይህን ማስረዳት አልሆነልኝም። መጋቢት ውስጥ አንድ ዐርብ ሥራ አልነበረኝምና «ዛሬ ሮክ ክሪክ፣ ጫካ ውስጥ በእግራችን እንሄዳለን» ብላቸው፣ «ማን ሞቶ?» አሉኝ። ማንም እንዳልሞተ ነገርኳቸው። «ታዲያ መኪናህ ተበላሸ?»

ሮክ ክሪክ ዋሽንግተንን ሰንጥቆ የሚወርድ ወንዝ ነው። ዳርና ዳሩን ያለውን ጫካ ኮንግረስ በ1890 እ.ኤ.አ. ፓርክ ብሎ ስለከለለው፣ ከተማው እዚያው አፋፉ ድረስ ሞልቶ ቆሟል። ወንዙን ተከትሎ የሚሄደው መንገድ ለጥ ያለ ነው፤ ሕፃን ልጅ ይሄደዋል። ተጓዡ ግን በሁለት እጁ ሁለት ምርኩዝ ይዟል፤ በጀርባው ውሃ በቱቦ የሚመጠጥበት ቦርሳ አዝሏል። አክስቴ በነጠላና በሸራ ጫማ ሁሉንም ጥለዋቸው ሄዱ። ያውም ሳይበሉ! ዐቢይ ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ቁርሴን ጥግብ ብዬ የበላሁት እኔ ከኋላ አለከልካለሁ።

ያዘገያቸው ሰላምታ ብቻ ነው። ፈረንጅ ጫካ ውስጥ ሲተላለፍ እግሩን ሳይገታ «ሃይ» ብሎ ያልፋል። አክስቴ ቆም፣ ጎንበስ ብለው በአማርኛ ደኅንነቱን፣ ቤተሰቡን፣ የብርዱን ነገር ይጠይቁታል። አንድ ሽማግሌ ግራ ቢገባቸው እሳቸውም ጎንበስ አሉ። ውሻቸው የዝናብ ካፖርት ለብሷል። አክስቴ እሱን አይተው አማተቡ።

ረግረጉ ጋ ስንደርስ ዛፉ ገና ቅጠል አላወጣም፤ መሬቱ ላይ ግን ሰፋፊ አረንጓዴ ቅጠል ሞልቷል። «ጎመን!» አሉና ነጠላቸውን አሸረጡ። ስካንክ ካቤጅ ይሉታል። ጉደኛ ተክል ነው፤ አበባው ገና በብርዱ ወራት ራሱ ሙቀት እያመነጨ በረዶውን አቅልጦ ይወጣል፤ በግማቱም ዝንብ ይጠራል። ከፓርኩ መቅጠፍ ክልክል መሆኑን ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣ እሳቸው ቀንጥሰው፣ አሽተው፣ ወርውረውታል። እጃቸውን እያራገፉ «ይኼን ሁሉ ለም መሬት ለዚህ ነው ያስቀመጡት?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

ደግነቱ መንገዱ ፒርስ ሚል ያወጣል፤ በ1820ዎቹ የተሠራ የውሃ ወፍጮ ነው። አክስቴ የድንጋይ ግንቡንና መዘውሩን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «አሃ! ወፍጮ ቤት ነው የምንመጣው? ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ፣ እህል ይዤ እመጣ ነበር!» ወፍጮው ዛሬ ለጎብኚ የቆመ መሆኑን አልነገርኳቸውም።

እናንተም እናት ወይ አክስት ከአገር ቤት የመጣላችሁ ቴሌቪዥን ፊት አታስቀምጧቸው፤ ይዛችኋቸው ውጡ። መግቢያው በነጻ ነው። ወንዙ ውስጥ መግባት ግን በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ እግራቸውን ሊለቃለቁ ሲወርዱ ቀደም ብላችሁ ያዟቸው።