ደራሲውን ለልጄ? ኧረ በሕግ!

በፊልም ላይ ድህነት የሚያምርበት ሰው ደራሲ ብቻ ነው። ገበሬ ሲደኸይ ልብሱ ይቦጫጨቃል፤ የቀን ሠራተኛ ሲደኸይ ጉንጩ ይጎደጉዳል። የድሮ ዘመን ወጣት ደራሲ ሲደኸይ ግን የነጭ ሸሚዙ ሁለት ቁልፍ ይከፈታል፣ ጸጉሩ በሥርዓት ይንጨባረራል፣ የማለዳ ፀሐይም በመስኮቱ ገብታ ልክ ጠረጴዛው ላይ ትቆምለታለች። የቤት ኪራይ እንዳልከፈለ ይነገረናል፤ ሻማውን ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያነድ ያድራል። አንድ መስመር የጻፈበትን ወረቀት ሁሉ ጨምድዶ ወለሉ ላይ ይወረውራል። ወረቀት መግዣ ያጣ ሰው እንዲህ ሲያባክን ያየ አለ? እኔ የማውቃቸው ድሆች የደረሰኝ ጀርባ እንኳ አይጥሉም።

ሐይፋ እንዲህ ያለውን ፊልም ለማየት የተመቸች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1983 የተጀመረው ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫሏ የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ በዳስ በዓል ሰሞን ነው፤ ቦታው ደግሞ ቀርሜሎስ ራስ ላይ። ኤልያስ እሳት ከሰማይ ባስወረደበት ተራራ ዛሬ ፕሮጀክተር ይበራል። ከታች ወደቡ፣ ከመካከል ሀዳር፣ ከላይ ቀርሜሎስ፤ ኪራዩም ከተራራው ጋር አብሮ ይወጣል። ታች ያለው ባሕሩን ያሸታል፣ ላይ ያለው ባሕሩን ያያል። ሁለቱን የሚያገናኘው ካርሜሊት የሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሥራ ጀመረ፤ ያለው ስድስት ጣቢያ ብቻ ነው። በስድስት ጣቢያ ውስጥ የሰው ልብ ምን ያህል ሊለወጥ እንደሚችል ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ፊልሙ የጄን ካምፒዮን «ብራይት ስታር» ይሁን፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው። የእንግሊዛዊው ባለቅኔ የጆን ኪትስና የጎረቤቱ የፋኒ ብራውን የፍቅር ታሪክ ነው። ኪትስ ሕክምና ተምሮ፣ ፈቃድ ካወጣ በኋላ ሙያውን ለግጥም ሲል የተወ ወጣት ነበር። (ይህን ዓረፍተ ነገር የአገራችን እናት ፊት ደግማችሁ እንዳታነቡት።) መጻሕፍቱ አልተሸጡለትም፤ ሐያስያን ዘለፉት፤ ፋኒን የሚያገባበት ገንዘብ አልነበረውም። ሳንባ ነቀርሳ ያዘው። ጓደኞቹ አዋጥተው አየር እንዲለውጥ ወደ ሮማ ቢልኩት እ.ኤ.አ. በ1821፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ እዚያው ሞተ። ፊልሙ ላይ ግን ከዚህ ሁሉ መከራ መካከል ጊዜ አግኝቶ አበባ የለበሰ ዛፍ ጫፍ ላይ ተንጋሎ ይተኛል፤ የፋኒም መኝታ ቤት በቢራቢሮ ይሞላል።

«ሙላን ሩዥ» የተባለው ፊልምም ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1899 ፓሪስ የገባው ወጣቱ ደራሲ ክርስቲያን የሚኖርባት ጠባብ ክፍል መስኮት ፊት ለፊት የታወቀው ቀይ የንፋስ ወፍጮ ይሽከረከራል። በዚህኛው ሳንባ ነቀርሳው የደረሰው ለሚያፈቅራት ሴት ነው። እንዲህ ያለ መስኮት ቀርሜሎስ ላይ ቢከራይ የሚይዘው ደራሲ ሳይሆን የጥርስ ሐኪም ነው።

አሁን ወደ ካርሜሊት። አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ፊልሙን አይተው፣ ዓይናቸው እንዳበጠ ባቡሩ ውስጥ ተቀምጠዋል።

«ምስኪን! እንዲህ የሚያፈቅር ልጅ ገንዘብ አጥቶ ይለያያሉ? እናትየዋ ምን ዓይነት ጨካኝ ናት?»

ልጅ ሆዬ ጊዜው አሁን ነው ብላ፣ «እማዬ፣ ያ የነገርኩሽ ልጅ አለ አይደል» ትላለች።

«የቱ?»

«ድርሰት የሚጽፈው።»

«እ... ሥራውስ ምንድን ነው?»

«ሥራው እሱ ነው።»

«ታሉሽ አለው?»

ታሉሽ ማለት የወር ደመወዝ ወረቀት ነው። በዚህ አገር ያለ እርሱ ቤት አትከራይም፣ ባንክም ብድርህን ለመስማት እንኳ ጆሮ አይሰጥህም። ልጅቷ ዝም ትላለች። ባቡሩ ታች ሲደርስ የእናት እንባ ደርቋል፤ የአክስታቸው ጎረቤት ልጅ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንደሆነ፣ ቋሚነትም እንዳገኘ፣ ጠባዩም ጨዋ እንደሆነ ተናግረው ጨርሰዋል። ከላይ ሲያለቅሱለት የነበረውን ልጅ ታች ሲወርዱ በደጃቸው ማለፍ ከለከሉት። ለነገሩ የፋኒም እናት ያሉት ይህንኑ ነበር፤ ልጁ መተዳደሪያ የለውም ነው ያሉት። ልዩነቱ እንግሊዛዊቷ ኪትስን በሕይወት እያለ ያውቁት ነበር፤ የእኛዋ የሚያውቁት ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው። ሟች ደራሲ ኪራይ አይጠይቅም፣ እራት አይበላም፣ ልጅም አያስረግዝም።

እውነቱን ለመናገር ሐይፋ ራሷ የወለደቻቸውና ያሳደገቻቸው ደራስያን ታሉሽ ነበራቸው። ሳሚ ሚካኤልን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1926 ባግዳድ ተወለደ፤ በኮሚኒስትነቱ ሲታደን ወደ ኢራን ሸሸ፤ በ1949 እስራኤል ገብቶ ሐይፋ ዓረቦች የሚኖሩበት ሰፈር ተቀመጠ። ፍቅር አለ፣ ስደት አለ፣ ፖለቲካ አለ፤ ፊልም ሠሪ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ግን የኑሮው ትልቁ ክፍል ለካሜራ አይመችም። ሰውዬው 25 ዓመት የመንግሥት የውሃ ጥናት ባለሙያ ነበር። ምንጭ ይለካል፣ ጉድጓድ ይመዘግባል፣ ማታ ቤቱ ይገባል። በአፍ መፍቻው በዓረብኛ ሲጽፍ ቆይቶ ወደ ዕብራይስጥ ዞረ፤ የመጀመሪያ የዕብራይስጥ ልብወለዱ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ ወደ ሃምሳ ዓመቱ እየተጠጋ ነበር። በዚያው ዓመት የሐይፋው ተወላጅ ኤሚል ሐቢቢ ስመ ጥር የሆነውን የዓረብኛ ልብወለዱን አወጣ፤ እርሱም የጋዜጣ አዘጋጅና ለዓመታት የክኔሴት አባል ነበር። ከሁለቱ አንዳቸውም ሻማ ሲያነዱ አላደሩም።

በሳሚ ሚካኤል ልብወለድ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ፊልም አለ፦ ሐይፋ፣ ዋዲ ኒስናስ በሚባለው ሰፈር የምትኖር ክርስቲያን ዓረብ ልጃገረድና ከሩሲያ የመጣ ጥሩምባ ነፊ ሲዋደዱ የሚያሳይ። ልብ በሉ፣ ፊልሙ የተሠራው ስለ ጥሩምባ ነፊው ነው እንጂ ስለ ውሃ ለኪው አይደለም። ሰው ሙሉ ሕይወቱን እንደ ደራሲ ኖሮ ስክሪን ላይ የሚወጣው ያልኖረው ሆነ።

ወደ ራሳችን ሰው፣ ከኢትዮጵያ ወደ መጣነው ቤተ እስራኤል፣ እንምጣ። ከሐይፋ ሰሜን ባሉት፣ ቂርያቶች በሚባሉት ከተሞች ቀን በፋብሪካ ወይም በጥበቃ እየሠራ ሌሊት በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ብትፈልጉ አታጡም። ዓመታት ወስዶ ይጨርሳል፤ በራሱ ገንዘብ ያሳትማል፤ ካርቶኑ ከአዲስ አበባ በሰው ሻንጣ ተከፋፍሎ ይመጣል። የምረቃው ዕለት ማትናሱ፣ ማለትም የሰፈሩ የባህል ማዕከል፣ ይሞላል። ቄሱ ይመርቃሉ፤ ሽማግሌው «ኩራታችን ነህ» ይላሉ፤ ዳቦ ይቆረሳል፤ ከደራሲው ጋር ፎቶ ለመነሣት ሰልፍ ነው። መጽሐፉ የተደረደረበት ጠረጴዛ አጠገብ ግን ሰው ሁሉ በድንገት ስልክ ይደወልለታል።

የሚጠጋም አለ፤ «በል ፈርመህ ስጠኝ፣ ለልጆቼ ታሪክ ይሁን» ይላል። ዋጋ ከተነገረው ቅር ይለዋል። ወንድሙ ደራሲ የሆነው እንዲሸጥለት ነው? ባለፈው ሐሙስ ሰርግ ላይ ቼክ ሲጽፍ ያልተንቀጠቀጠው እጅ ለመጽሐፍ ሲሆን ኪሱ ውስጥ ይጠፋል። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ መልእክት ይልካል፦ «ወንድሜ፣ ፒዲኤፉ የለህም?» ደራሲው የለኝም ቢለው ችግር የለም፤ ቴሌግራም ላይ አንዱ በጎ አድራጊ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ፣ አውራ ጣቱን ጭምር፣ ለሕዝብ አበርክቶታል።

ይህም ቢሆን አዲስ ጠባይ አይደለም። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ሳይታተም ስንት ዓመት እጅ በእጅ እየተገለበጠ ተነበበ። ያኔ ግን ነፃ አንባቢ ቢያንስ ለመገልበጥ ጣቱ ይቆስል ነበር። በዓሉ ግርማ በ1972 ዓ.ም. ባወጣው «ደራሲው» ውስጥ ያለው ሲራክም ከስብሐት የተቀዳ እንደሆነ ሲወራ የኖረ ነው። አንድ የአማርኛ ፊልም ሠሪ ችግረኛ ደራሲ ከፈለገ ሲራክ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። በዓሉ ራሱ በጋዜጠኝነትና በማስታወቂያ ሚኒስቴር ደህና ደመወዝ የነበረው ሰው ነው፤ መከራው የመጣው ከኪራይ ሳይሆን ከመጽሐፍ ነው። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጣ፤ ሥራውን አጣ፤ በ1976 የካቲት ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በዚህ ላይ ቢራቢሮ የሚያበርር ዳይሬክተር ይኖር ይሆን? ቢኖርም አልገረምም።

ሌላው ሞኝነታችን «የእኔ ታሪክ ቢጻፍ መጽሐፍ ይወጣዋል» የምንለው ነው። እርግጥ ይወጣዋል። በሱዳን በረሃ በእግሩ ያለፈ፣ እዚያ ወላጅ የቀበረ ሰው ይህን ቢል ማን አፉን ይይዛል? ጣጣው የሚጀምረው ጸሐፊው መቅረጫውን ይዞ ሲመጣ ነው። ታሪኩ ከቅድመ አያት በሬ ይነሣል፤ ሦስት ቡና ተጠጥቶ ገና ጎንደር አልተለቀቀም። በመጨረሻም ሁለት ትእዛዝ ይሰጣል፦ አንደኛ ስሜን እንዳታወጣ፣ ሁለተኛ እኔ መሆኔን ሁሉም ይወቅ። ደግሞስ መጽሐፍ ምን ያደርጋል፣ ፊልም ነው እንጂ!

ፊልሙም ተሠራ፤ «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት»፣ እ.ኤ.አ. በ2019። ቤተ እስራኤልን በሱዳን ስላወጣው ዘመቻ ነው። ከእኛው ወገን የሆነውን የፈረደ አክሉምን ታሪክ መነሻ ያደረገ ገጸ ባሕርይ አለበት፤ መሪውን ቦታ የያዘው ግን «ካፒቴን አሜሪካ» ሆኖ የምናውቀው ክሪስ ኢቫንስ ነው። በእግራችን ሄድን፤ በፊልሙ እርሱ ቀድሞን ደረሰ።

ከራሳችን እጅ የወጣ የድሮ ዘመን የፍቅር ፊልም ሲመጣስ? የአለምወርቅ ዴቪድያን «የበለስ ዛፍ» እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1989፣ ከተማው አዲስ አበባ ነው፤ አይሁዳዊቷ ሚና ክርስቲያኑን ፍቅረኛዋን ኤሊን ከአፈሳ ለማስጣል የምትታገልበት ታሪክ ነው። በኪትስ ኮት ቁልፍ ያልተከራከረ ተመልካች እዚህ ሲደርስ ዓይኑ ይበራል። «ያ ጀሪካን ያኔ ነበር?» «አፋሽ እንዲህ አይሄድም፤ እኔን ሲያፍሱኝ በኋላ በር ነው የመጡት።» «የቀሚሱ ጥልፍ የጎጃም ነው።» ልጆቹ ተሳስመው ተለያይተው፣ ፊልሙ አልቆ፣ ክርክሩ ጀሪካኑ ላይ ነው። የሌላው ድሮ ሲሆን አልቃሽ፣ የራሳችን ሲሆን ኦዲተር።

የባቡሯ እናት ልጃቸውን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሊድሩ ነው። ደግ ልጅ ነው፤ እኔም አልቃወምም። የጥሪ ካርዱ ግን ባዶውን አያምርምና ሁለት ስንኝ ያስፈልገዋል። እናት ራሳቸው ስልክ አነሡና ያንን ከደጃቸው ያባረሩትን ልጅ ደወሉለት።

«እንዴት ነህ ልጄ፣ ጠፋህ እኮ! አንዲት ግጥም ብቻ፣ ከልብ የምትነካ። ለአንተ ምን ያቅትሃል፣ አምስት ደቂቃ አትፈጅም።»

ልጁ ጻፈ። እናት አንብበው አለቀሱ፤ ለዘመድ ሁሉ አነበቡት፤ ካርዱ በሦስት ቀለም ታተመ።

«ለአንተ ካርድ አልላክንልህም፤ ቤተሰብ ነህ፣ ዝም ብለህ ና» አሉት። ፖስታ ይዞ መምጣት እንዳለበት ማንም አልነገረውም፤ ያውቀዋል።