ሄልሜት ለሰበበኛ

ዌስት ቨርጂኒያ ሰሚት ፖይንት ሄደህ መኪናህን ለመጀመሪያ ጊዜ ትራክ ላይ ልትነዳ ተመዝግበሃል? እሰይ! ሰበብህን ግን ከጓዝህ ጋር እንዳትጭን። የምትለውን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ መልሱ ይኸው።

«ውድድር እኮ አይደለም፤ ልዝናና ነው።»
ተዝናና! ግድግዳው ግን ለዋንጫ መጣህ ወይስ ለጨዋታ ብሎ አይጠይቅህም።

«የጓደኛዬን የሞተር ሳይክል ሄልሜት እዋሳለሁ።»
ጓደኛህ ከሞተር ላይ ቢወድቅ ብሎ የገዛው ነው፤ አንተ የምትነዳው ብረት ውስጥ ተቀምጠህ ነው። ሄልሜቱ ላይ ያለው የስኔል የፈተና ምልክት «ኤም» ካለ ለሞተር፣ «ኤስ ኤ» ካለ ለመኪና ውድድር ነው። «ኤስ ኤ» በእሳት ይፈተናል፤ መኪና ውስጥ ካለው የመከላከያ ብረት ጋር በመጋጨትም ይፈተናል። «ኤም» ሁለቱንም አላየም።

«ምልክት ምን ያደርግልኛል?»
ስኔል የሰው ስም ነው። ፒት ስኔል እ.ኤ.አ. በ1956 የመኪና ውድድር ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ፤ ያደረገው ሄልሜት አላዳነውም። ወዳጆቹ በ1957 በስሙ ድርጅት አቋቁመው ሄልሜት መፈተን ያዙ። አንተ የናቅኸው ምልክት ነፍስ ተከፍሎበታል።

«ሰፋ ያለው ይመቸኛል።»
ምቾት ከፈለግህ ጋቢ ልበስ! ሄልሜት ጉንጭህን ጥብቅ አድርጎ መያዝ አለበት። ማሰሪያውን አስረህ ከኋላ ወደ ፊት ግፋው፤ ከወለቀ ለሻጩ መልስለት። ሱቁ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ያህል አድርገኸው ቆይ፤ ግንባርህን አንድ ቦታ ነጥሎ ካመመህ ቅርጹ ያንተ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1976 የመኪና ተወዳዳሪው ኒኪ ላውዳ ኑርበርግሪንግ ትራክ ላይ ሲጋጭ ሄልሜቱ ከራሱ ወልቆ ፊቱና ጭንቅላቱ ተቃጠሉ። ለዓለም ሻምፒዮን ያልራራ እሳት ላንተ ይራራል?

«ያገለገለ በርካሽ አግኝቻለሁ።»
ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ከተመታ ተጨፍልቆ ይቀራል፤ ጉዳቱም ከውጭ ላይታይ ይችላል። ሻጩ «ወድቆ አያውቅም» ብሎ ቢምልልህ፣ መሐላውን ጭንቅላትህ ላይ ታጠልቃለህ?

«ስፖርት ስለሆነ ቱታ እለብሳለሁ።»
ቱታህ ፖሊስተር ከሆነ እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳህ ላይ ይጣበቃል። ጥጥ ይቃጠላል እንጂ አይቀልጥም። ለመጀመሪያ ቀን ረጅም እጅጌ ያለው የጥጥ ሸሚዝ፣ ጂንስና የጥጥ ካልሲ ይበቁሃል።

«ወፍራሙ ስኒከሬስ?»
ፍሬኑን በእግርህ ልትሰማው ነው ወይስ ልትረግጠው ብቻ? ሶሉ ስስ፣ ጎኑ ጠባብ የሆነ ጫማ አድርግ፤ ክሩንም እሰረው። ነጠላ ጫማ ያሰብክ እንደሆነ እዚያው ቤት ቅር።

«ፀጉሬ ይበላሻል።»
ፀጉር ይበጠራል። ቀጥል!

«ይህ ሁሉ ገንዘብ ከየት ይመጣል?»
ለቸርኬው ከየት መጣ? ለማርሚታውስ? ከሁሉ በፊት ሄልሜት ግዛ። ከመግዛትህ በፊት ደግሞ ለአዘጋጆቹ ደውለህ የየትኛውን ዓመት የስኔል ደረጃ እንደሚቀበሉና የሚያከራዩት ሄልሜት እንዳላቸው ጠይቅ። አሁንም እጅ ካጠረህ ቀጠሮውን ወደሚቀጥለው ወር አዛውረው። ትራኩ የትም አይሄድም።