የራይት ክሊክ ሊቃውንት

ፋይል ማስቀመጥ ለተራ ሰው የተተወ ሥራ ነው። ሊቁ ፋይል አያስቀምጥም፤ ፋይል የሚቀመጥበትን መንገድ ያስጌጣል። ማውሱን በቀኝ በኩል ሲጫነው የሚወርደው ሜኑ ኩባንያው እንደ ሰጠው አይደለም። «ወደ ፎልደር ቅዳ»፣ «ወደ ፎልደር አዛውር»፣ «የፋይሉን አድራሻ ኮፒ አድርግ»፣ «በዓይነት ለይ»፣ «በቀን ደርድር»፣ ፎልደሩን ቢጫም አረንጓዴም የሚያደርግ ሌላ መስመር፣ ከሥሩ ቀስት ሲነካ የሚከፈት ሁለተኛ ሜኑ፣ በሁለተኛው ውስጥ ሦስተኛ። እያንዳንዱ መስመር ከጎኑ ትንሽ ሥዕል ተለጥፎለታል። ይህ ሁሉ ግርማ የተዘረጋው «ኒው ማይክሮሶፍት ዎርድ ዶክመንት (3)» በሚባል ፋይል ላይ ነው። በውስጡ ምን እንዳለ ባለቤቱም አያስታውስም፤ ነገር ግን በአራት ልዩ ልዩ መንገድ ሊያዛውረው ይችላል።

ሜኑው ሲወለድ እንዲህ አልነበረም። ዊንዶውስ 95 እ.ኤ.አ. ነሐሴ 24 ቀን 1995 ለገበያ ሲቀርብ ራይት ክሊክን የብዙኀኑ ልማድ አደረገው፤ ሐሳቡም ቀላል ነበር፤ የነካኸው ነገር ላይ ሊሠራ የሚችለውን ብቻ በአጭሩ ማሳየት። አፕል በበኩሉ ለረጅም ጊዜ አንድ ቁልፍ ብቻ ባለው ማውስ ጸንቶ ቆይቶ ይህን የመሰለ ሜኑ ወደ ማክ ያስገባው በ1997፣ ያውም ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ለሚጠይቅ ሰው ነው። አጭርነቱ ግን አልበረከተም። ፋይል የሚጨምቀው ፕሮግራም፣ አንቲቫይረሱ፣ ሙዚቃ ማጫወቻው፣ ሁሉም ሲጫኑ ያልተጠየቁትን መስመራቸውን እዚያ ጣል እያደረጉ ሄዱ። በ2021 ዊንዶውስ 11 ሲወጣ ማይክሮሶፍት ራሱ ሜኑው ከዊንዶውስ ኤክስፒ ወዲህ ለ20 ዓመት ያለ ተቆጣጣሪ ማደጉን አምኖ አሳጠረው፤ የቀረውን «ተጨማሪ አማራጮችን አሳይ» ከሚል አንድ መስመር ኋላ ሸሸገው። ተራው ተጠቃሚ ትንሽ አጉረመረመና ለመደው። ሊቃውንቱ ግን ሐዘን ተቀመጡ። ከሐዘናቸው የተነሡትም ሬጅስትሪ ውስጥ ገብቶ የቀድሞውን ረጅም ሜኑ የሚመልስ፣ በቅንፍ የታጠረ ረጅም የቁጥርና የፊደል ዘለላ በተገኘ ጊዜ ነው። ይህን ዘለላ ሳይሳሳት የሚጽፍ ሰው ለፋይሉ ሁለት ቃል ስም ለማውጣት ጊዜ አጣሁ ይላል።

የሥራው ክብደትም ቀላል አይደለም። ሬጅስትሪ ማለት የዊንዶውስ ሆድ ዕቃ ነው፤ እዚያ የሚነካካ ሰው አንዱን መስመር ከሌላው ካምታታ ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው ላይነሣ ይችላል። አንዳንዶቹ የሜኑ ጭማሪዎች ደግሞ ተራ ጽሑፍ ሳይሆኑ በፋይል ማሳያው በኤክስፕሎረር ውስጥ ገብተው የሚሮጡ ትንንሽ ፕሮግራሞች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ በደንብ ካልተጻፈ ሜኑው ለመከፈት ያመነታል፤ ሲብስም ኤክስፕሎረሩን ይዞት ይወድቃል። ለዚህም መድኃኒት አለ፤ የሜኑ መስመሮችን እየለየ የሚያጠፋ ሌላ ፕሮግራም። ስለዚህ ሊቁ መስመር የሚጨምር ፕሮግራም ይጭናል፣ ቀጥሎ መስመር የሚቀንስ ፕሮግራም ይጭናል፣ ሁለቱም ሲጫኑ በሜኑው ላይ የየራሳቸውን መስመር ያክላሉ። ከሁሉ የሚያስቀው ግን የዊንዶውስ የራሱ ደንብ ነው። ከ15 በላይ ፋይል በአንድ ጊዜ ከመረጥክ «ክፈት»ንና «አትም»ን የመሳሰሉ ትእዛዞች ከሜኑው ይሰወራሉ። ዝርክርኩ መቶ ሲሞላ፣ እርዳታው በሚፈለግበት ሰዓት፣ ሜኑው ያጥራል ማለት ነው። ሊቁ ይህንንም ቁጥር በሬጅስትሪ ማሳደግ ያውቅበታል፤ አያድርስና ሁለት መቶውን ፋይል ባንዴ «ክፈት» ካለ ደግሞ ቀኑ መሽቷል።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ትንሽ ገታ አድርገን ነገሩን እንመርምረው። ሜኑ የሚያሳጥረው የእጅን መንገድ ነው፤ ከዚህ ፎልደር ወደዚያ ለመሄድ የሚባክኑትን ጥቂት ክሊኮች። ፋይል ማደራጀትን ከባድ የሚያደርገው ግን የእጅ ድካም ሆኖ አያውቅም፤ ውሳኔው ነው። ይህ ምንድን ነው? ነገ የሚፈልገው ማን ነው? በምን ስም ይፈልገዋል? ይቀመጥ ወይስ ይጣል? «ወደ ፎልደር አዛውር» ከእነዚህ አንዱንም አይመልስም፤ እንዲያውም «የት?» ብሎ ጥያቄውን መልሶ ለጠያቂው ይሰጠዋል። ዱቄቱን ሳይነፋ በግድግዳው ላይ አሥራ ሁለት ወንፊት የሰቀለ ጋጋሪ ቢኖር ሥራው ይህን ይመስል ነበር። በ2011 ስቲቭ ዊታከርና ባልደረቦቹ 345 ሰዎች የቆየ ኢሜይላቸውን መልሰው ሲፈልጉ ያደረጓቸውን ከ85,000 በላይ ፍለጋዎች አጥንተው ነበር፤ ደብዳቤያቸውን በፎልደር ሲለዩ የኖሩት ሰዎች የፈለጉትን በማግኘት ከሌሎቹ አልበለጡም፤ የባከነው ጊዜ ግን የእነሱ ነበር። ኢሜይል ፋይል አይደለም፣ እውነት ነው፤ ኢሜይል ላኪና ቀን ይዞ ይመጣል፤ «ኒው ዶክመንት (3)» ግን ምንም ይዞ አይመጣም። ልዩነቱ ለሊቃውንቱ የሚያግዝ አይመስልም።

«በቀን ሦስት መቶ ፎቶ የሚያሳንስ ሰውስ?» ይሉናል። ትክክል፤ አንድ ዓይነት ሥራ ቀኑን ሙሉ የሚደጋግም ሰው ለዚያች ሥራ አንድ መስመር ቢጨምር ማንም አይከለክለውም። አንድ ብለናል። «ሰው በፍለጋ ሳጥን ከመጻፍ ይልቅ በፎልደር ገብቶ መፈለግ ይመርጣል» የሚለውም ከኦፈር በርግማን ጥናቶች ጋር የሚስማማ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥናቱ የሚያግዘው በቅጡ የተሰየመ ፎልደርን እንጂ ቀለም የተቀባውን አይደለም።

ጠንካራው መከራከሪያ ከእኛው ፊደል የሚመጣ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው፤ ሰ እና ሠ፣ ሀ እና ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ኮድ አላቸው። ለጆሯችን አንድ ይሁኑ እንጂ ለኮምፒውተሩ ባዕዳን ናቸው። «የሠራተኞች ዝርዝር» ብሎ ያስቀመጠውን «የሰራተኞች» ብሎ ቢፈልገው ፋይሉ ዓይኑ ሥር ተቀምጦ «አልተገኘም» ሊባል ይችላል። ስለዚህ ፍለጋውን ትተን በሜኑ እንደርድር ይላሉ። ችግሩ በትክክል ታይቷል፤ መድኃኒቱ ነው የተሳሳተው። ሜኑው ሠ ን ወደ ሰ አይለውጥም። የሚረዳው አንድ መሥሪያ ቤት «እኛ እንዲህ እንጽፋለን» ብሎ መስማማቱ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሬጅስትሪ ሳይሆን የአንድ ገጽ ማስታወሻ ይበቃል። የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። በአንድ ፎልደር ውስጥ «ሪፖርት 2016» እና «ሪፖርት 2024» ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ አንዱ በዓ.ም.፣ ሌላው በእ.ኤ.አ.፤ የአንድ ዓመት ወንድማማቾች ሆነው ሳለ የስምንት ዓመት ታላቅና ታናሽ ይመስላሉ። «በቀን ደርድር» የሚለው ያማረ መስመር ይህን ሊያውቅ አይችልም።

የሚገርመው ይህ ችግር በወረቀት ዘመን ተፈትቶ የነበረ መሆኑ ነው። መዝገብ ቤት የደረሰ ደብዳቤ ሁሉ ቁጥርና ቀን ነበረው፤ ከየት እንደ መጣ፣ ወደ ማን እንደ ተመራ በመዝገብ ይሰፍር ነበር፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋም ያለ አንድ ራይት ክሊክ ታገኘው ነበር። ያ ደብዳቤ ዛሬ ስካን ሲደረግ ቁጥሩ በራሱ ላይ ታትሞ እያለ «ስካን0001» ይባላል። ቀጥሎ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የታረመ»፣ «የመጨረሻ የታረመ 2» ይወለዳሉ። ሊቁም መጥቶ ለእነዚህ አዲስ ሜኑ ይሠራላቸዋል።

«ማንን ጎዳን? የራሳችን ኮምፒውተር ነው» የሚሉም አሉ። ለእነሱ መልሱ አጭር ነው። ያ ሁሉ ሜኑ ያለው በአንድ ሰው ኮምፒውተር ሬጅስትሪ ውስጥ ብቻ ነው። ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ሲጫን ይጠፋል፤ ባለቤቱ ሲዛወር ወንበሩን የሚረከበው ሰው ያልተሰየመውን ፋይል ብቻ ይወርሳል። ፋይሉ በፍላሽ ሲወጣ፣ በቴሌግራም ሲላክ፣ በኢሜይል ሲያያዝ ሜኑው አብሮት አይሄድም፤ አብሮት የሚሄደው ስሙ ነው። ዊንዶውስም ስም ለማውጣት አንድ ቁልፍ ሰጥቷል፤ ኤፍ 2። ጭማሪ ፕሮግራም አይፈልግም፣ ሬጅስትሪ አያስነካም። እባክህ ሊቅ ሆይ፣ ቀጣዩን መስመር ከመጨመርህ በፊት አንድ ጊዜ ተጫነው።