የወደቀ ዛፍ ምሳሩን ሲተርብ

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። እኛ የማንቼ (የማንቼስተር ዩናይትድ) ደጋፊዎች ይህን አንክድም፤ ከ2013 ጀምሮ ስንፈለጥ ከርመናል። አርሴው ይፈልጠናል፣ ሊቨሩ ይፈልጠናል፣ ትናንት ኳስ ማየት የጀመረ የሲቲ ደጋፊ ሳይቀር ምሳር ተውሶ ይመጣብናል። ይሁን፤ እኛም በቀናችን ማንንም አልማርንም። ዛሬ ግን ግንዱ አፍ አውጥቷል፤ ተራ በተራ ኑ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ አንዱን ብቻ በሐበሻ እጠራዋለሁ፣ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

በዓሣው እንጀምር። በ2025 ነሐሴ ውስጥ፣ በሊግ ካፕ፣ አራተኛው እርከን ላይ የሚጫወተው ግሪምስቢ ታውን 2 ለ 2 አቻ ይዞን ቆይቶ በፍጹም ቅጣት ምት 12 ለ 11 አሰናበተን። ግሪምስቢ በዓሣ የታወቀች ከተማ ናት፤ ደጋፊዎቿ የተነፋ የፕላስቲክ ዓሣ እያውለበለቡ ነው የሚጨፍሩት። ጾመ ፍልሰታ ከተፈታ ገና ሳምንት አልሞላውም ነበርና ተረቡ በማግሥቱ ተዘጋጅቶ ጠበቀን።

«በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም ስትከራከሩ፣ ዓሣው ጾሙ ሲፈታ በላችሁ!»

በልቶናል። ግን እኛን የበላን ዓሣ አገሩ ይታወቃል። ከተማው ዓሣ አጥምዶ የኖረ፣ ደጋፊውም ያንኑ ዓሣ አንግቦ የሚዘፍን ነው። የእናንተ ክለብ ምን ያጠምዳል? ስፖንሰር!

ቀጥሎ ጣራው። ግንቦት 2024፣ አርሰናል ኦልድ ትራፎርድ መጥቶ 1 ለ 0 አሸንፎን ወጣ። ፊሽካው እንደተነፋ ሰማዩ ተቀደደ። ዝናቡ ከጣራው ጥግ ወንዝ ሆኖ መቀመጫው ላይ ይወርድ ጀመር፤ ሰው ከሥሩ ሲሮጥ፣ ሌላው ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ሲቀርጽ ዓለም በሙሉ አየ። ሰር ቦቢ ቻርልተን «የሕልሞች ቲያትር» ብለው የሰየሙት ሜዳ ነው እንግዲህ።

«ጢስ ዓባይን ለማየት ባሕር ዳር መሄድ ቀረ፤ ማንቼስተር ቅርንጫፍ ከፍቷል!» አለ አርሴው።

አርሴዬ፣ የእኛ ጣራ ሲያፈስ ከሥሩ የሚታጠቡ 20 የሊግ ዋንጫዎች ነበሩ። የአንተ ቤት ድርቅ ነበር፣ እውነት ነው፤ በዚያን ቀን ከመጨረሻው የሊግ ዋንጫህ 20 ዓመት ሞልቶህ ነበር። በሳምንቱ ደግሞ በሁለት ነጥብ ለሲቲ አስረክበህ 21ኛውን ጀመርክ። ዣንጥላ ለእኛ ከምታውስ ለራስህ ጥላ ፈልግ።

ስለ ተጫዋች ግዢ ስትተርቡን ግን መልስ የለኝም፤ ስለዚህ ቀድሜያችሁ እተርባለሁ። ፖግባን በ2012 በማይረባ ካሳ ሸኘነው፣ በ2016 በ89 ሚሊዮን ፓውንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብረን መልሰን ገዛነው፣ በ2022 እንደገና በነፃ ሸኘነው። ሁለቱንም ጊዜ የሄደው ወደ ጁቬንቱስ ነው። ጣሊያኖቹ ክለብ ነን ሲሉ እኛ ማደጎ ቤት ሆንንላቸው። አንቶኒን 95 ሚሊዮን ዩሮ ከፍለን ከአያክስ አመጣነው፤ ኳስ እግሩ ሥር አድርጎ ራሱን ሲያሽከረክር አይተን እኛም አዞረን።

አሰልጣኞቹስ? ሞይስ የስድስት ዓመት ውል ፈርመው አሥር ወር ቆዩ። ቫንሃል የኤፍኤ ካፕ ዋንጫ ባነሱ በሁለተኛው ቀን ተሰናበቱ። ቴን ሃግ በ2024 ክረምት ውላቸው ታደሰ፣ ጥቅምት ሳያልቅ ተባረሩ። አሞሪም በጥር 2025 ቡድናቸው ምናልባት በክለቡ ታሪክ የመጨረሻው መጥፎ ቡድን ሳይሆን እንደማይቀር በአደባባይ ተናገሩ። ተረባችሁን እኮ ከአፋችሁ ነጠቋችሁ! አንድ እንግሊዛዊ ደጋፊ ደግሞ ማንቼ አምስት ጨዋታ በተከታታይ እስኪያሸንፍ ፀጉሬን አልቆረጥም ብሎ በጥቅምት 2024 ማለ፤ ዓመት ሞልቶት ጎፈሬው ከበር አላስገባው ሲል እኛ ገና አምስቱን እንፈልግ ነበር።

አሁን ሳቁን ትንሽ ያዙልኝ፤ ዋናው ነገር ይመጣል።

በ2024/25 የውድድር ዘመን ማንቼ በ42 ነጥብ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። በፕሪሚየር ሊግ ታሪኩ ከዚህ ወርዶ አያውቅም። የዩሮፓ ሊግን ፍጻሜም ቢልባኦ ላይ በቶተንሃም 1 ለ 0 ተሸነፈ። የዚያው ዓመት ሒሳብ ሲዘጋስ ገቢው ስንት ሆነ? 666.5 ሚሊዮን ፓውንድ! በክለቡ ታሪክ ከፍተኛው ገቢ። «ቀያይ ሰይጣኖች» የሚባሉት የእኛዎቹ በመጨረሻ ቁጥራቸውን አገኙ ብላችሁ ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ። ከሳቃችሁ በኋላ ግን አስቡት። በፕሪሚየር ሊግ ሜዳ ላይ እንዲህ ወድቆ የማያውቅ ቡድን፣ መዝገቡ ላይ እንዲህ ገቢ አስገብቶ አያውቅም።

የዛሬ ኳስ ነፍሱ የወጣችው እዚህች ላይ ነው። ድሮ የተሸነፈ ክለብ ይደኸይ ነበር፤ ደኽይቶም ይደነግጥ ነበር፤ ደንግጦም ይታረም ነበር። ዛሬ ሽንፈት የሚያመው ደጋፊውን ብቻ ነው። ባለቤቱ ቴሌቪዥኑ ይከፍለዋል፣ ስፖንሰሩ ይከፍለዋል፣ አዲሱ ማሊያ ይሸጥለታል። የማያመው ሰው ደግሞ መድኃኒት አይፈልግም።

እንዴት እዚህ ደረስን? በፈረንጅ ግንቦት 2005 የአሜሪካዎቹ የግሌዘር ቤተሰብ ክለቡን ጠቀለለው። ዋጋው 790 ሚሊዮን ፓውንድ ግድም ነበር፤ አብዛኛው ብድር ነው፣ ከብድሩም ብዙው የተጫነው ዕዳ ባልነበረበት ክለብ ትከሻ ላይ ነው። ገዢው የገዛበትን ገንዘብ የተገዛው ይከፍላል ማለት ነው። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ያለ አበሻ ይህን አይቶ የተናገረ ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ለወለድ፣ ለዕዳ ክፍያና ለባለድርሻዎች ትርፍ ከክለቡ የወጣው ገንዘብ ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ነው። ያ ገንዘብ ጣራ ይሠራ ነበር።

አሰልጣኙ ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ስንጥቁን በትከሻቸው ደግፈው ቆዩ፤ 13 የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አንስተው በ2013 ተሰናበቱ። ያቺ በሐበሻ የምቆጥራት ዓመት ይቺ ናት፦ ግንቦት 2005። እንግዲህ ግንቦት 2005 ለማንቼ ሁለቴ ነው የመጣበት፤ በፈረንጁ ግሌዘሮች ገቡ፣ በሐበሻው ፈርጉሰን ወጡ። ሁለቱም ግንቦት ሆነውብን ገና ክረምቱ አልወጣልንም።

ፈርጉሰን ሲሄዱ የክለቡን አስተዳደር የተረከበው ከባንክ የመጣ ሰው ነው። ያኔ ኦፊሴላዊ የኑድል አጋር ነበረን፣ ኦፊሴላዊ የትራክተር አጋር ነበረን፤ ቆይቶ ኦፊሴላዊ የፍራሽና የትራስ አጋር ተጨመረልን። ተከላካዮቻችን የትኛውን አጋር አብዝተው እንደሚያስተዋውቁ በመጋቢት 2023 ሊቨርፑል 7 ለ 0 ሲገርፈን ታይቷል። በ2024 ደግሞ ከእንግሊዝ ሀብታሞች አንዱ ሰር ጂም ራትክሊፍ ከሩብ በላይ ድርሻ ገዝተው የኳሱን ክፍል ያዙ። መዳናችን መጣ ስንል፣ በመጀመሪያው ዓመት 250 ሠራተኛ ቀነሱ፣ በሁለተኛው ደግሞ እስከ 200 የሚደርስ ቅነሳ አስታወቁ። የቢሮ ሠራተኛው ነፃ ምሳ ቀርቶ ፍራፍሬ ተተካ። ለሰር አሌክስ በአምባሳደርነት የሚከፈለው ገንዘብ እንኳ ተቆረጠ። አንቶኒን 95 ሚሊዮን ዩሮ አውጥቶ ያመጣ ቤት፣ ቁጠባን ከሠራተኛው ምሳ ጀመረ።

«ለዚህ ነው የምንስቅባችሁ!» ትላላችሁ። ተራችሁ ደርሷል።

የሲቲው፣ አንተ አትሳቅ። የእኛ ክለብ ባለዕዳ ነው፤ የአንተ ከ2008 ጀምሮ የአቡ ዳቢ ሼክ ንብረት ነው። በየካቲት 2023 ፕሪሚየር ሊጉ የገንዘብ ደንብ ጥሷል ብሎ ያቀረበበትን ክስ ዓለም «115» ብሎ ያውቀዋል። ክለቡ አልፈጸምኩም ይላል፤ እኔም ዳኛ አይደለሁም። ደጋፊ የጨዋታውን ውጤት ትቶ የጠበቃውን ስም የሚያጠና መሆኑ ግን ለኳስ አዲስ ነው።

አርሴው፣ ሜዳህ በዱባይ አየር መንገድ ስም ይጠራል፣ ሩዋንዳን ጎብኙ የሚል እጅጌ ለዓመታት ለብሰሃል። ክለብ ነው ወይስ የጉዞ ወኪል?

ቼልሲው፣ ያንተ ክለብ ስምንት ዓመት ተኩል ውል አስፈርሟል፤ ትዳር እንኳ እንዲህ አይጸናም። ሒሳብ ሲጠብበት ደግሞ ሆቴሎቹን ለራሱ እህት ኩባንያ ሸጠ። ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪስ አዛውሮ ትርፍ መጻፍ የተቻለው በዚህ ዘመን ኳስ ነው።

ሊቨሩን አከብረዋለሁ። በየካቲት 2016 የቲኬት ዋጋ እስከ 77 ፓውንድ ሊገባ ነው ሲባል፣ በ77ኛው ደቂቃ ሺዎች አንፊልድን ጥለው ወጡ፤ ባለቤቶቹም ይቅርታ ጠይቀው ዋጋውን ሰረዙ። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን እነዚያው ባለቤቶች ከእኛዎቹ ጋር ሱፐር ሊግ የሚባለው፣ ታላላቆች ለብቻቸው የሚጫወቱበት ሊግ ወረቀት ላይ ፈረሙ። ስድስቱም የእንግሊዝ ታላላቆች ፈርመዋል፤ አርሴም፣ ቼልሲም፣ ሲቲም፣ ቶተንሃምም። በሁለት ቀን ያፈረሰው የደጋፊ ጩኸት ነው። ታዲያ ማን ነው ንጹሑ? ነግ በኔ ማለት እንዲህ ጊዜ ነው።

ደግሞ ነፍስ ስንል ወሬ እንዳይመስላችሁ። በ1958 ሙኒክ ላይ በአውሮፕላን አደጋ ስምንት ተጫዋቾቹን ያጣ ክለብ፣ ከአደጋው የተረፉት አሰልጣኙ ማት በዝቢ እና ተጫዋቹ ቦቢ ቻርልተን ከአሥር ዓመት በኋላ የአውሮፓን ዋንጫ ያነሱበት ክለብ ነው ይህ። ያን ዋንጫ ያመጣው የትራስ አጋር አይደለም።

እኛስ ጋ ነፍሱ አለች? ሰፈራችን ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ገብታችሁ ተመልከቱ። ጎል ሲገባ ግማሹ ቤት ይነሳል፣ ግማሹ ይቀመጣል። የተነሳውም እጁን ወደ ላይ አንስቶ ይቆማል፤ ቫር ገና አልተናገረማ! ስክሪኑ ላይ የተጫዋቹን ብብት የሚለካ መስመር ይሰመራል። አሳላፊው ቢራውን እንደያዘ ቆሞ ይጠብቃል። ጎሉ ጸደቀ ሲባል ጩኸቱ ቀዝቅዟል፤ የሚተቃቀፍ የለም። ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ልጅ ብቻ በሁለቱም ቡድን ጎል ይዘላል።

«የማን ደጋፊ ነህ አንተ?» አልኩት።

«የኦቨር 2.5፣ ጋሼ!» አለኝ፣ የቤቲንግ ትኬቱን እያሳየኝ።

ክለቡ ስፖንሰር ያጠምዳል፣ ስፖንሰሩ ልጁን ያጠምዳል። ልጁ ማንን እንዳጠመደ ግን ትኬቱ ሲቀደድ ነው የሚገባው።

«ለማንቼስተር ከምታለቅስ ለአገርህ ኳስ አልቅስ» የሚል አይጠፋም። ልክ ነህ። ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳውን ጨዋታ ሰው አገር ሄዶ ሲጫወት ያየ ሰው በሌላው ጣራ መሳቅ አያምርበትም። ግን ነገሩ አንድ ነው። የእነሱ ክለብ በባንክ ብድር ይኖራል፣ የእኛ አብዛኛው ክለብ በከተማ አስተዳደርና በመሥሪያ ቤት በጀት ይኖራል፤ በሁለቱም ቤት ደጋፊው እንግዳ ነው። ያለ እሱ መኖር የቻለ ክለብ ደግሞ አይሰማውም።

ጀርመኖቹ ይህ ቀድሞ ገብቷቸዋል። እዚያ ከድምፅ ግማሽ በላዩ በአባላቱ እጅ እንዲቆይ ደንብ አለ። በ2024 መጀመሪያ ሊጉ ለባለሀብት በር ሊከፍት ሲል፣ ደጋፊው የቴኒስ ኳስ እየወረወረ ጨዋታ አቋረጠ፤ ሊጉም ሐሳቡን አነሳ። የማንቼም ሰዎች በግንቦት 2021 ኦልድ ትራፎርድ ሰብረው ገብተው የሊቨርፑል ጨዋታ ወደ ሌላ ቀን እንዲተላለፍ አድርገዋል። ግሌዘሮቹ በገቡበት ዓመት ደግሞ የተቆጡት ወጥተው ኤፍሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንቼስተር የሚባል የራሳቸውን ክለብ መሥርተዋል፤ ዋንጫው ትንሽ ነው፣ ባለቤቱ ግን ደጋፊው ነው።

«ታዲያ ክለብ አትቀይርም?» ትሉኛላችሁ። የት ልሂድ? የሲቲ ወደ ጠበቃ ቢሮ፣ የአርሴ ወደ ኤርፖርት፣ የቼልሲ ወደ ሆቴል ሊወስደኝ? እዚሁ እቆያለሁ። እናንተም ተርቡኝ፤ በዚህ ኳስ ውስጥ እስካሁን ኦፊሴላዊ አጋር ያልተቀጠረለት ነገር ተረብ ብቻ ነው። ስትተርቡ ግን ድምፃችሁን ከፍ አድርጉት፤ የእናንተም ባለቤት ይስማው።