ከማይን ዳር ወደ ቦርከና ዳር

ይድረስ ለክቡር አጎቴ፤ ኮምቦልቻ።

ጎረቤትዎ ሐጂ በዱዓቸው እንዳይረሱኝ አደራ ይበሉልኝ፤ እኔ እንደሆንሁ ከብርዱ በቀር የሚያማርረኝ ነገር ሳይኖር፥ በእርስዎ ጸሎትና በእርሳቸው ዱዓ ግራና ቀኝ ተደግፌ ደኅና እኖራለሁ።

ባለፈው ደብዳቤዎ፥ «ለመሆኑ የምትኖርበት ስፍራ ከተማ ነው ወይስ ባላገር? ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ» ብለውኝ ነበር። ከተማ እንዳልለው፥ ከመሸ በኋላ አንድ ሲኒ ቡና የሚሸጥ ቤት አይገኝበትም፤ ባላገር እንዳልለው ደግሞ፥ የነዋሪው እጅ ከእርፍ ይልቅ የኮምፒዩተር ቁልፍ የለመደ ነው። ስለዚህ ብዙ አውጥቼ አውርጄ የደረስሁበትን ፍርድ ባጭሩ ልንገርዎ፤ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። «ኮምቦልቻ የደሴ ጓዳ ናት» ማለት የሚወዱት የደሴው አማችዎ ይህን ሰምተው እንዳይመጻደቁብዎ፥ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳ።

መንደሪቱ ክላይን ቬልትስሃይም ትባላለች፤ ከማይን ወንዝ በስተ ግራ፥ ዳሩን ተጠግታ የተቀመጠች ናት። እስከ 1977 ዓ.ም. ድረስ ራሷን ችላ ትተዳደር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጎረቤቷ የዘሊገንሽታት ከተማ ጠቅልላታለች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁና፥ ሰባት ስምንት እየቀነሱ ያንብቡ።) ከታላቁ ከፍራንክፈርት ወደ 25 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ይህም ከእርስዎ ደጅ እስከ ደሴ ያለውን መንገድ ያህል መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ሐረጎን የመሰለ ጠመዝማዛ ዳገት፥ በዳገቱም ላይ ትንፋሽ አጥሮት መንገድ የሚዘጋ የጭነት መኪና አለመኖሩ ነው። ጎህ ሲቀድ የመንደሩ ሰው ወንድ ሴት ሳይል፥ ከፊሉ በመኪና ከፊሉ እንደ እኔ በቢስክሌት እስከ ባቡር ጣቢያው ገሥግሦ፥ ወደ ሃናውና ወደ ፍራንክፈርት ይነጉዳል፤ ቀን በመንደሩ የሚቀሩት ሽማግሌዎች፥ ድመቶችና ፖስተኛው ብቻ ናቸው፤ ሲመሽ የሄደው ሁሉ ተመልሶ በሩን ይቆልፋል።

የጀርመን ባቡር ሰዓት ያከብራል ሲባል የሰሙትን ለጊዜው ያቆዩት። የእኛ መስመር ባለ አንድ ሐዲድ ነው፤ ናፍጣ የሚጠጣው ባቡር ከወዲያ የሚመጣውን ወንድሙን ሳያሳልፍ አይንቀሳቀስምና፥ አንዱ ከዘገየ ሁለቱም ይዘገያሉ። እኔ ይህን እንደ በረከት ቆጥሬዋለሁ። ምክንያቱም በዚህ አገር ሰው ከጎረቤቱ ጋራ ዓመት ሙሉ ቃል ሳይለዋወጥ መክረም የሚችል ሲሆን፥ ባቡሩ የዘገየ ዕለት ግን በጣቢያው የቆመው ሁሉ ወዳጅ ይሆናል፤ አንዱ ይተነፍሳል፥ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፥ ሦስተኛው የመንግሥትን አስተዳደር ይረግማል፤ አቦል ቶና በረካ ተፈልቶ የማይገኝ ጨዋታ በሩብ ሰዓት ውስጥ ይደራል። ባቡሩ ሲመጣ ሁሉም መጽሐፉንና ስልኩን አውጥቶ እንደገና ባዳ ይሆናል።

አሁን ወደ ዜና መዋዕሉ ልግባ፤ ወሬው የጣመው ከዚህ ላይ ነውና።

በጥንት ዘመን የሮም ነገሥታት ግዛት ዳርቻ ይኸው ማይን ወንዝ ነበር፤ የዛሬው የዘሊገንሽታት ገበያም የተዘረጋው ከሮማውያን የጦር ምሽግ ላይ ነው። ምሽጉ ፈርሶ ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ፥ የታላቁን ንጉሥ የካርልን ዜና ሕይወት የጻፈው ሊቅ አይንሃርድ፥ ከካርል ልጅ ከንጉሥ ሉድቪግ በ815 ዓ.ም. ይህን ስፍራ በርስትነት ተቀበለ። ርስት ያለ ታቦት፥ ደብርም ያለ ቅዱስ አይሆንምና፥ ጸሐፊውን ወደ ሮም ልኮ ዐፅመ ቅዱሳን አስፈለገ። በሮም ዴዉስዶና የሚባል ዲያቆን ነበረ፤ ዐፅም አገኛለሁ እያለ ለፈረንጅ ገዳማት ሁሉ ተስፋ የሚሰጥ፥ በእኛ አገር ቢሆን ደላላ የምንለው ሰው ነው። የአይንሃርድ መልእክተኞችም የዲያቆኑ ተስፋ ቢዘገይባቸው፥ ሦስት ቀን ጾመው በሌሊት መቃብር ከፍተው፥ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን በሰማዕትነት ያረፉትን የቀሲስ መርቄሊኖስንና የጴጥሮስን ዐፅም አወጡ። ጾመው መስረቃቸውን ልብ ይሏል፤ እኛ ሌባ ሲጾም አላየንም። ይባስ ብሎ አብሮ የተጓዘው የሌላ ገዳም ቄስ ከተሰረቀው ላይ ከፊሉን ሰርቆ ወደ ገዳሙ ወሰደ፤ አይንሃርድም ብዙ ከተከራከረ በኋላ አስመለሰ። ይህን ሁሉ ያወቅነው ከሐሜተኛ አይደለም፤ አይንሃርድ ራሱ የፍልሰተ ዐፅሙን ነገር በመጽሐፍ ጽፎ ትቶልናል፤ ኀፍረትም አልተሰማው።

እርስዎን የሚያስደስተው ግን የሚቀጥለው ነው። ዐፅሙ መጀመሪያ ያረፈው ከወንዙ ርቆ በደጋው በሚሽልሽታት አጠገብ፥ አይንሃርድ ባሠራው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ቅዱሳኑ ግን ስፍራውን አልወደዱትም፤ በሕልም እየተገለጡ «ከዚህ አንሡን» አሉ፤ በ828 ዓ.ም. በጥር ወር ወደ ወንዙ ዳር ወረዱና እስከ ዛሬ በዚያው ዐርፈው ይገኛሉ። ለአማችዎ ይህን ያንብቡላቸው፤ ሰማዕታት እንኳ ምርጫ ቢሰጣቸው ከደሴ ይልቅ ኮምቦልቻን መረጡ። ግሼንን የሚሳለም ወሎዬ የቅዱስ ነገር ከሩቅ አገር መጥቶ በተራራ ላይ መቀመጡን ያውቃል፤ ወደ ቆላ ልውረድ ያለ ቅዱስ ግን እኔም ያገኘሁት በዚህ ነው።

አይንሃርድ ሚስቱ ኤማ ትባል ነበር፤ ታሪክ የንጉሥ ልጅ ናት አይልም። የአገሩ ሰው አፈ ታሪክ ግን የንጉሡ የካርል ልጅ ያደርጋትና፥ ከአይንሃርድ ጋራ ኮብልላ በዚህ ወንዝ ዳር ተደብቃ ስትኖር፥ ንጉሡ ከአደን መልስ ርቦት ወደ ደሳሳ ጎጆ ገብቶ የቀረበለትን የእንቁላል ቂጣ ገና ሲቀምስ «ይህ የልጄ እጅ ነው» ብሎ እንዳለቀሰ ይተርካል። እኔ ይህን ታሪክ ለማመን አልቸገርም፤ የእናቴን ሽሮ ከመቶ ሽሮ መካከል በአንድ ጉርሻ ለይቼ የማወጣ ሰው ነኝና።

ከቅዱሳኑና ከቂጣው በኋላ ከተማዋን ያኖራት መንገድ ነው። የኑረምበርግና የአውግስቡርግ ነጋድያን በታጠቀ አጃቢ ተጠብቀው ወደ ፍራንክፈርት የበዓል ገበያ ሲሄዱ እዚህ ያድሩ ነበር፤ በጉዞው አዲስ የሆነም ነጋዴ አንድ ሊትር ገደማ የሚይዝ የእንጨት ጭልፋ ወይን ጠጅ እፍ ሳይል፥ ሳያሳርፍ፥ በአንድ ትንፋሽ መጨለጥ ነበረበት። ጨልጦ የቆመ ወንድም ይባላል፤ ባልቻለው ሁሉ ይስቁበታል። አጎቴ፥ እርስዎ በወጣትነትዎ የአሰብ መንገድ ሾፌሮች ኮምቦልቻ ሲያድሩ የነበረውን ግርግር፥ ከባቲ በረሃ የወጣው ተሳቢ ሁሉ በዋናው መንገድ ተደርድሮ ሲያድር ምግብ ቤቱም አልጋ ቤቱም እስከ ሌሊት ሲደምቅ ያዩትን ስለሚያጫውቱኝ፥ ጭልፋው ብርጭቆ ከመሆኑ በቀር ሥርዐቱ አንድ መሆኑን ማስረዳት አያሻኝም። በ1998 ዓ.ም. በጦርነቱ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ያ ድምቀት ቀነሰ፤ እዚህም ነጋድያኑ ቀርተው ጭልፋው በክብር ተቀምጦ ይታያል።

ነገር ግን ኮምቦልቻ ከእኛ መንደር የምትበልጥበትን ሳልናገር ባልፍ ቦርከና ይታዘበኛል። ከክላይን ቬልትስሃይም ሰው በጠዋት ይወጣል እንጂ ማንም ለሥራ አይገባባትም። በእናንተ ዘንድ ግን ለቢሮ፥ ለሆስፒታልና ለጉዳይ ወደ ደሴ የሚወጣው ሚኒባስ ሐረጎ ላይ ሲደርስ፥ ለጨርቃ ጨርቁ፥ ለቢራው፥ ለብረታ ብረቱ ፋብሪካና በ2017 ዓ.ም. ለተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ከደሴ ጉም ውስጥ ካፖርቱን እንደ ለበሰ የሚወርደውን ሠራተኛ ያልፈዋል፤ የሚወርደውም ሙቀቱ ሲነካው ካፖርቱን ያወልቃል። ጓዳ ከሆነችስ እህሉ ያለው ከጓዳ አይደለምን? አማችዎ ለዚህ የሚሰጡትን መልስ በሚቀጥለው ደብዳቤ ይጻፉልኝ። ቦርከናም ቢሆን የደሴን ከተማ አቋርጦ ወደ እናንተ ይወርዳል እንጂ ከእናንተ ወደ ደሴ ሲወጣ አልታየም።

የወንዙ ማዶ ነገር ደግሞ ለብቻው ይጻፋል። ከማዶ ግሮስ ቬልትስሃይም የምትባል እኅታችን አለች፤ እኛ ታናሺቱ፥ እርሷ ታላቂቱ ነን። ይሁንና ወንዙ የክፍለ ሀገር ወሰን ነውና፥ እኛ የሄሰን ስንሆን እነርሱ የባየርን ናቸው፤ ባየርንም በዓል ታበዛለች። ነሐሴ 15 ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር የእመቤታችን ዕርገት ነው፤ ማዶ ያሉት ሥራ ፈትተው ያከብራሉ፤ ወዲህ ያለነው ባቡር ለመያዝ እንሮጣለን፤ እኔ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር የፍልሰታ ጾም እኩሌታ ላይ ነኝ። በአንድ ወንዝ ዳር እነዚያ ይበላሉ፥ እነዚህ ይሠራሉ፥ እኔ ባዶ ሆዴን ሁለቱንም አያለሁ። ጥር 6 ቀን ደግሞ እነርሱ የኤጲፋንያን በዓል ሲያከብሩ ለእኔ የልደት ዋዜማ ነው። መሥሪያ ቤቴ ከሁለቱ አቆጣጠር አንዱን ተቀብሎ ዕረፍት እንዲሰጠኝ ባመለክት፥ «አንተ የሄሰን ነህ» የሚል አጭር መልስ ተሰጠኝ።

እኅታችንም ብትሆን ክብሯን ለጎረቤት ያስረከበች ናት። በጀርመን አገር ከአቶም ኃይል ኤሌክትሪክ መጀመሪያ የመነጨው በእርሷ መሬት ላይ ነው፤ ጣቢያው በ1961 ዓ.ም. መብራት መስጠት ጀምሮ በ1985 ተዘጋ፤ ኋላም ፈርሶ ተጠረገ። ስሙ ግን በአጠገቧ ባለችው በካል ተጠራ፤ ዓለም ሁሉ ካል እያለ ጻፈው። ግሮስ ቬልትስሃይሞች ይህን ሲያነሡ ድምፃቸው ይለወጣል። እኔ ግን አጽናናቸዋለሁ፤ በአገራችንም አውሮፕላን ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ እያረፈ በዓለም አየር መንገዶች መዝገብ በደሴ ስም በተወሰዱ ሦስት ፊደላት ይጠራል እላቸዋለሁ። ይህን የነገርኋቸው ዕለት አንድ ሽማግሌ እጄን ጨብጠው ብዙ ጊዜ ሳይለቁኝ ቆዩ።

«እናንተ ከመቼ ወዲህ ነው ወደ አገራችን መምጣት የጀመራችሁት?» ብሎ የሚጠይቀኝም አይጠፋም። እኔ ደግሞ ይህን ጥያቄ እንደ ድግስ ነው የምጠብቀው። «የእኛ የወሎ ሰው፥ የቤተ አምሐራው ሊቅ አባ ጎርጎርዮስ፥ በ1652 ዓ.ም. በጎታው መስፍን በኤርንስት ጥሪ መጥቶ ኢዮብ ሉዶልፍን ግእዝና አማርኛ አስተማረ» እላለሁ፤ «የእናንተ ሉዶልፍም ከዚያ የተማረውን ይዞ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፥ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስው እዚሁ ፍራንክፈርት አሳተመ» እላለሁ፤ ባቡሩ ከመጣ ግን እዚያ ላይ ይቋረጣል። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገሩ ሲመለስ መርከቡ ሰጥሞ በባሕር መሞቱን ሳልነግራቸው እቀራለሁ፤ ለጣቢያ ጨዋታ አይሆንም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልመለስ። የቤቴ ባለቤት በጡረታ የተገለሉ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን በሐዲድ ላይ የኖሩ በመሆናቸው፥ ከአገሬ ወሬ ሁሉ የሚጥማቸው የባቡር ወሬ ብቻ ነው። እኔም ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አልፎ ሐራ ገበያ የሚደርስ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሐዲድ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የቱርክ ኩባንያ እንደ ሠራ፥ ዋሻው እንደ ተበሳ፥ ድልድዩ እንደ ቆመ፥ የኮምቦልቻም ጣቢያ ከእኛው ከዘሊገንሽታት ጣቢያ በስፋት እጅግ እንደሚበልጥ ነገርኋቸው። እርሳቸውም እንደ ሕፃን ደስ ብሏቸው መነጽራቸውን አጠለቁና፥ ወረቀትና እርሳስ አቅርበው፥ ባቡሩ ከአዋሽ በስንት ሰዓት ተነሥቶ ኮምቦልቻ በስንት ሰዓት እንደሚገባ፥ እሑድስ ይሄድ እንደ ሆነ ጠየቁኝ፤ በመጪው ዓመት ሊሳፈሩበት አስበዋል። እኔ ቡና ላፍላ ብዬ ተነሣሁ።

ስለዚህ አጎቴ፥ ወደ ጣቢያው ወጣ ብለው ከዘበኛው ጋራ ቢጨዋወቱና፥ የሚነሣበትንና የሚደርስበትን ሰዓት አጣርተው ቢጽፉልኝ ትልቅ ውለታ ይቆጠርልዎታል። ሰዓቱን የሚያውቅ ሰው ከታጣ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ቢልኩልኝም ይበቃል፤ ሽማግሌው ታጋሽ ናቸው።

ታዛዥዎ የእኅትዎ ልጅ፤
ክላይን ቬልትስሃይም፥ ማይን ዳር።