በትሕትና ያልተሠራ ፍሬን

የመኪና አስመጪዎችን ሰርቪስ ክፍል የሚያማ ሰው ማኪያቶውን ያልቀመሰ መሆን አለበት። እኔ ቀምሼዋለሁ። ከአበርገሌ፣ ከኒሯቅ ተነሥቼ፣ በሰቆጣ አልፌ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዤ፣ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ነው የቀመስኩት። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ምስጋና በስውር ሲሆን ያምራል።

ያስኬደኝ የፒክአፔ ፍሬን ነው። ይጮሃል። ፍየልና ማር ጭኖ ወደ ተከዜ የሚወስደውን ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው የፍሬን ጩኸት ሙዚቃ አይደለም። ሰቆጣ ያለው መካኒክ «ልፍታውና ልየው» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ጋራንቲ አለኝ! ጋራንቲው ደግሞ ሌላ እጅ ከነካው ይሰረዛል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የዚችኛዋን ላም ሣር የምገዛው እኔ መሆኔ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ጉዞዬ እንግዳ ተቀባይዋ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ «አባቴ፣ ቀጠሮ አለዎት?» አለችኝ። «የለኝም ልጄ፤ ከአበርገሌ ነው የመጣሁት» አልኳት። ከልቧ አዘነችልኝ። አዝናም ከሁለት ሳምንት በኋላ እንድመለስ ቀጠረችኝ። በሁለተኛው ጉዞ ሲስተም አልነበረም። ጎማ የሚፈታው ሰው ሳይሆን ሲስተም መሆኑን ያን ዕለት ተማርኩ። በሦስተኛው ተሳካልኝ፤ ቁልፉን ተቀበሉኝ።

እስቲ የዚህን አሠራር ጥበብ በሒሳብ እንየው። መኪናው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ሰርቪስ ካልገባ ጋራንቲው ይቀራል። ደርሶ መልሱ ከ1,400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሦስት ጊዜ ሲመላለሱ 4,200 አለፈ። አንድ ጊዜ ደግመው «ነገ ይምጡ» ቢሉኝ ኖሮ፣ አሮጌው ችግር ሳይፈታ አዲሱ ሰርቪስ ይደርስ ነበር። ሌላው ነጋዴ ደንበኛ ፍለጋ ይንከራተታል፤ እነዚህ ግን ደንበኛውን እያንከራተቱ ደንበኛ ያደርጉታል።

ለማንኛውም መኪናዬ ገባች፤ እኔ ከመስተዋቱ ወዲህ ቀረሁ። በሩ ላይ «ለደንበኛ መግባት ክልክል ነው» ይላል። ማኪያቶ መጣ። ቴሌቪዥን ተከፈተልኝ። ከሰዓት በኋላ መኪናዬ ታጥባ፣ አብረቅርቃ ወጣች። «ሞክረነዋል፣ አልጮኸም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ግቢያቸው ውስጥ ተከዜ የለም። ሒሳቡ ላይ «ምርመራ»፣ «የፍሬን ሸራ ቅያሪ»፣ «ልዩ ልዩ» የሚል ተጽፏል። «ጋራንቲውስ?» ብል «ሸራ የሚያልቅ ዕቃ ስለሆነ አይሸፈንም፣ አባቴ» ተባልኩ። እዚያ ቤት የማያልቅ ነገር ያየሁት ትሕትናቸውን ብቻ ነው።

ሰቆጣ ስደርስ ፍሬኑ እንደ ጥንቱ ይጮሃል። ያ መካኒክ ጎማውን ፈታ። በዲስኩና በመከላከያ ቆርቆሮው መካከል የተወሸቀች አንዲት ጠጠር አወጣና መዳፌ ላይ አኖራት። የራሳችን መንገድ ጠጠር ናት፤ ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ አይታ ተመልሳለች። ቀጥሎ ሸራውን አሳየኝ። «አዲሱ» ሸራ ተበልቶ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። በሁለት ቀን መንገድ እንዲህ ማርጀቱ ምን ያህል ቢቸገር ነው! መካኒኩን ስንት ልክፈል ብለው ሳቀብኝ።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች በአክብሮትና በትሕትና የመስተናገድ መብት አለው ይላል። ይህን ድርጅቱ ከነወለዱ ፈጽሟል። ይኸው አዋጅ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብትም ሰጥቶታል። ይቺን ሲያነቡ ሳይሆን አይቀርም ሲስተሙ የጠፋው።

እኛ አበርገሌዎች በፍየል እንታወቃለን፤ ዝርያው በስማችን ይጠራል። ገበያችን ማኪያቶ የለውም፤ ሻጩም «አባቴ» ብሎ ብድግ አይልም። ገዢው ግን የፍየሏን አፍ ከፍቶ ጥርሷን ያያል፣ ወገቧን ይዳብሳል፣ አስኬዶም ያያታል። «ለገዢ መንካት ክልክል ነው» የሚል ሻጭ ቢመጣ ፍየሏ የተሰረቀች ናት ብለን እንይዘዋለን።

እናም ማኪያቶው ይቅርብን። የምትሠሩትን ከመሥራታችሁ በፊት ጽፋችሁ አስፈርሙን። በአቅራቢያችን ቅርንጫፍ ከሌላችሁ፣ የሰቆጣው መካኒክ ፍሬናችንን ስለነካ ጋራንቲያችንን አትሰርዙ። ለወጥን ያላችሁትንም አሮጌ ዕቃ በእጃችን አስረክቡን፤ ጥርሱን እንየው።